የጠፉት ወይዘሮዎች

«ወንዶቹ አንድም ሳይቀሩ አሉ» አለች የራጅ ባለሙያዋ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «የጠፉት ሴቶቹ ናቸው።»

«ሴቶቹ ብቻ?»

«ሴቶቹ ብቻ! አቶ የተባለ ሁሉ ሳንባው ቁጭ ብሏል። ወይዘሮና ወይዘሪት ግን አንድም የለም። ደግሞ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ባለቁልፉ አንተ አይደለህ?»

በክሊኒኩ ውስጥ ባለቁልፉ የማይለው የለም። የኮምፒዩተሮቹ የይለፍ ቃል ሁሉ በእጁ ስለነበረ የወጣለት ስም ነው፤ ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ አስቁሞ በዚሁ ስም ሲጠራው ደረቱ ነፋ ይል ነበር። ይህ ግን ያቺ ልጅ ከመምጣቷ በፊት ነው። ልጅቷ በቅርቡ የተቀጠረች ፕሮግራም ሠሪ ናት። ዳይሬክተሩ ገና በመጣች በሳምንቷ «ጎበዟ» የሚል ስም አወጣላት። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ «ጎበዟ ምን ትላለች?»፣ ማተሚያው ሲበላሽ «ጎበዟን ጥሯት» ሆነ። ማተሚያውን እንኳ! ወረቀት ሲነክስ ጎኑን መታ አድርጎ የሚያስለቅቀው እሱ ነበር።

ቅናት እንደያዘው ያውቃል። ሚስቱም ታውቃለች። መጀመሪያ ላይ እራት በቀረበ ቁጥር የልጅቷን ነገር ሲያነሳ ሌላ ጠርጥራ አኩርፋው ነበር፤ ነገሩ ሲገባት ግን ሳቋ አላቆም አላት። «እኔ ደግሞ ወደሃት መስሎኝ ስቃጠል! ለካ የምትቃጠለው አንተ ነህ» አለችው። እሱ አልሳቀም። በዚህ ሳምንት ዳይሬክተሩ የኮምፒዩተር ክፍሉን ኃላፊ ይሾማል፤ ወንበሩ ለማን እንደሚሆን ደግሞ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል።

«ኧረ ቶሎ በል» አለች የራጅ ባለሙያዋ። «ውጭ የተቀመጡትን እናት አይተሃቸዋል? ሐኪሙ ሳንባቸው ላይ ጥላ አይቶ ከአምናው ራጅ ጋር ላነጻጽረው ብሏል። ካላደገ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ካደገ ግን...»

የዛሬውን ራጅ ደግሞ ማንሳት ይቻላል፤ የአምናውን ማን ያነሳዋል? ጎበዟ የድሮዎቹን ምስሎች በሙሉ ትናንት ወደ አዲሱ ፕሮግራሟ አሻግራለች። የድሮው ማሽንም በዳይሬክተሩ ትእዛዝ ሙልጭ ተደርጎ ተጠርጎ ለሒሳብ ክፍል ተሰጥቷል። ሴቶቹ እዚህ ከሌሉ የትም የሉም ማለት ነው።

ባለቁልፉ ሰርቨሯ፣ ምስሎቹ ሁሉ የሚቀመጡባት ዋና ኮምፒዩተር፣ ወዳለችበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ክፍሏ ከመጥረጊያ ማስቀመጫ ብዙም አትሰፋም። ፕሮግራሙን ትቶ ፎልደሮቹን በቀጥታ ከሰርቨሯ ላይ ማየት ጀመረ። አቶ፣ አቶ፣ አቶ እያለ ይወርዳል። ከሁሉም ግርጌ አንዲት ብቸኛ ፊደል ቁጭ ብላለች፦ «ወ»። ከፈታት። ሴቶቹ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ የግማሾቹ ስም «ሮ» ብሎ ይጀምራል፣ የቀሩት ደግሞ «ሪት» ብሎ።

ብቻውን ሳቀ። ለካ ጉዱ ያለው እዝባሯ ላይ ነው! ሰው «ወ/ሮ» ብሎ ሲጽፍ ያቺ ዘንበል ያለች መስመር ቃል ማሳጠሪያ ናት፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ስላሽ ናት፣ ወደ ውስጥ የምታስገባ በር። ስለዚህ «ወ» የሚባል ፎልደር ሠርቶ ወይዘሮዎቹን ሁሉ «ሮ» አድርጎ እዚያ አጉሯቸዋል። አቶ እዝባር ስለሌለው ተረፈ። የልጅቷ ፕሮግራም ደግሞ ከአንድ በር አልፎ አያይም።

«ጎበዟ!» አለ ጮክ ብሎ።

ሮጦ ሊነግራቸው እጁ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ታየው። ዳይሬክተሩ «ትንሽ ነገር ናት፣ ማንም ይሳሳታል» ይላል፤ ሴቶቹ ይመለሳሉ፤ ከምሳ በኋላ ነገሩ ይረሳል፤ ወንበሩም የሷ ይሆናል። ትንሽ ትጨነቅ፣ ትንሽ ላቧ ጠብ ይበል አለ በልቡ። ተመልሶ ተቀመጠና ትእዛዝ ጽፎ ከ«ወ» ፊት አንዲት ነጥብ ጨመረ። በዚያ ማሽን ላይ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ይደበቃል፤ የተደበቀውን ጭምር አሳይ ተብሎ ካልታዘዘ በቀር አይታይም። ወይዘሮዎቹ አሁን እውነትም ጠፉ።

ልጅቷ ስትገባ የሻርፗ አንዱ ጫፍ መሬት ይጎተት ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል? አገኙ?»

«ምንም የለም።» ድምፁ እንዲህ መርጋቱ ራሱንም ገረመው።

«ወይኔ ጉዴ! እኒያ እናት እኮ...» ተቀመጠች። ከመቸኮሏ የተነሳ ፊደል ትስታለች። «ወ/ሮ» ብላ ፈለገች፤ የለም። ደግማ ፈለገች፤ የለም። ባለቁልፉ ከኋላዋ ቆሞ ያያታል። ይህን ቀን ስንቴ ተመኝቶታል፤ አሁን ግን እንዳሰበው አልጣፈጠውም።

ዳይሬክተሩ በሩን ገፍቶ ገባ። «እሺ?»

«እስካሁን አላገኘሁም።»

ዳይሬክተሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «በቃ፣ አንቺ ካላገኘሽው የለም ማለት ነው። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ባለቁልፉን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ወጣ። አንቺ ካላገኘሽው! ወድቃም መለኪያው እሷው ናት። ከሷ ቀድሞ ያገኘው እሱ ነበር፤ ግን መልሶ የደበቀውን ነገር አገኘሁ ብሎ ለማን ያወራል? ከኮሪደሩ የእናትየዋ ልጅ «እናቴ አምና እኮ እዚሁ ነው ራጅ የተነሳችው!» ስትል ተሰማ። ባለቁልፉ ሊናገር አፉን ከፈተ።

ልጅቷ ቀደመችው። «የተደበቀ ካለስ?» አለች ለራሷ፤ ትእዛዙንም ጻፈች። ነጥብ ያለባት «ወ» ብቅ አለች። «አሉ! ጋሼ፣ ሁሉም አሉ!»

የፎልደሩን ስም ለመመለስ ወደ ላይ የሚያመለክተውን የቀስት ቁልፍ ስትጫን፣ በዚያ ኪቦርድ ላይ ቀደም ሲል የተጻፉት ትእዛዞች አንድ በአንድ ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ እሷ የጻፈችው አልነበረም። «ወ» ነጥብ ያገኘችው በዚያ ትእዛዝ ነው። ጣቷ ቆመ።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር። ነጥቧን አጠፋች፣ ሴቶቹንም ወደየቦታቸው መለሰች።

ወዲያው ሐኪሙ ተጠራ፤ የአምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አየ። «ያው ነው፣ አላደገም» ሲል እስከ ሰርቨሯ ክፍል ተሰማ። ዳይሬክተሩ ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«የኔ ስህተት ነው» አለች ልጅቷ። «እዝባሯን አላሰብኩባትም፤ ፎልደሩም ተደብቆ ነበር።»

«ተደብቆ ነበር ያልሽውስ? ማን ደበቀው?»

ባለቁልፉ እግሩ ሥር ያለውን ገመድ ማየት ጀመረ።

«እሱም ከኔው ነው» አለች።

«አየህ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ገና አሁን ወደ ባለቁልፉ ዞሮ። «ጥፋቱን ፊት ለፊት የሚያምን ሰው ነው እኔ የምፈልገው። ሹመቱንም ከዚህ በላይ ማቆየት አያስፈልግም።» ብሎ ወጣ።

ባለቁልፉ ሊያመሰግናት ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ከእስካሁኑ ሁሉ የባሰ ቅናት አንገበገበው። ጉብዝናውን ወሰደች፣ ወንበሩን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ጠቅልላ ልትወስድ ነው? ከእንግዲህ በየማለዳው «እንደምን አደሩ ጋሼ» ባለችው ቁጥር የሸፈነችለትን ሊያስብ?

«ይሄንንስ አልሰጥሽም» አለ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ዶክተር! አንዴ ይቁሙልኝ» አለ ዳይሬክተሩን።

ዳይሬክተሩ ዞረ። አግዳሚው ላይ የነበሩት እናትና ልጃቸው፣ የራጅ ባለሙያዋም ዞሩ።

«እሷ የደበቀችው ነገር የለም» አለ ባለቁልፉ። «የደበቅኩት እኔ ነኝ።»