የጂቱ ሴሎች

ሄመን ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእንስሳት በሽታ ምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ማሳደግ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሴሎቹ የሚኖሩት ጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ፣ ሮዝ ቀለም ባለው ፈሳሽ ምግብ ነው። ምግባቸው በሁለት በሦስት ቀን ካልተቀየረ ይሞታሉ። የሚነካቸው እጅ ካልጸዳ ይበከላሉ። የሄመን ጠርሙሶች ተበክለው አያውቁም። ኃላፊው ዶክተር ዲሪባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እሷ ክፍል ይዘው እየገቡ «የቤታችን ምሰሶ እሷ ናት» ይሉ ነበር።

ጂቱ እስክትመጣ ድረስ።

ጂቱ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከቡራዩ እየተመላለሰች፣ ሥራ ላይ እያንጎራጎረች፣ ሥራ በጀመረች ገና በስምንተኛ ወሯ ሄመን ሦስት ጊዜ ሞክራ ያቃታትን ሠራች። ከበግ ጠቦት ቆለጥ ሴል አውጥታ አሳደገች። የከብት ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣው ቫይረስ እንደነዚህ ሴሎች የሚመቸው የለም።

ዶክተር ዲሪባ የሴሎቹን ፎቶ በስብሰባ ላይ አሳዩ። ጂቱ ተነሥታ፣ «የረዳኝ የሄመን የድሮ መዝገብ ነው» አለች። «ሥጋውን የሚበታትነው ኢንዛይም ውስጥ አንድ ሰዓት ታቆየው ነበር። እኔ ወደ ሃያ ደቂቃ አወረድኩት። መዝገቡን በደንብ ባትይዘው ኖሮ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።»

ጂቱ ማመስገኗ ነበር። ሄመን የሰማችው ግን ሌላ ነው፤ አርባ ደቂቃ ተሳስተሽ ነበር፣ ያውም በሰው ፊት። ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጂቱ እንጉርጉሮ ያንገበግባት ጀመር። እንግዶች በእሷ በር አልፈው ወደ ጂቱ ክፍል ሲገቡ ጋዋኗን እንደለበሰች ቆማ ታያቸዋለች።

አንድ ዓርብ ጂቱ ሱሉልታ ከታመሙ ከብቶች ናሙና ልታመጣ ተነሣች። ሰኞ ነው የምትመለሰው።

«ሄምዬ፣ የቅዳሜ ተረኛ አንቺ ነሽ አይደል? ልጆቼን አደራ።»

«ልጆችሽን?»

«ሴሎቼን ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄመን ብቻዋን ነበረች። መጀመሪያ የራሷን ጠርሙሶች ምግብ ቀየረች፤ ቀጥላ የጂቱን ስድስት ጠርሙሶች አወጣች። አንዱን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ አየችው። ቀጫጭን ረጃጅም ሴሎች ጎን ለጎን ተሰድረው የጠርሙሱን ወለል ክፍተት ሳይተዉ ሸፍነውታል። በአሥራ አንድ ዓመት ከራሷ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እሳት ሆኖ ተነሣ። ቢሆንም ምግባቸውን በሥርዓቱ ቀየረችላቸው።

ጠርሙሶቹን ሙቀት ጠብቆ ወደሚያቆያቸው ሳጥን፣ ወደ ኢንኩቤተሩ፣ ስትመልስ ነው ከሲሊንደር የሚመጣለትን ጋዝ መለኪያ ያየችው። ቀስቱ ዜሮ ሊነካ ነው። ጋዙ ካለቀ የሴሎቹ ምግብ ይበላሻል። ሙሉው ሲሊንደር ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ መቀየሩ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ትንሽ ቆመች። ከዚያ የራሷን ጠርሙሶች ብቻ ከታችኛው መደርደሪያ አውጥታ ወደ ሌላው ኢንኩቤተር አዛወረች፤ ያኛው የራሱ ጋዝ አለው። የጂቱን እዚያው ትታ በሩን ዘጋችባቸው። «እስከ ሰኞ ይደርሳል» አለች ለራሷ። እንደማይደርስ ግን ታውቃለች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ አንድም ቃል ሳትሰማ ቅዳሴው አለቀ። ባጃጅ ይዛ እስከ ላብራቶሪው በር ሄደች። ጥበቃው «ምነው በሰንበት?» ሲላት፣ «ስልኬን የረሳሁ መስሎኝ ነበር» ብላ ተመለሰች።

ሰኞ ጂቱ ጭቃ በያዘው ቡትስ፣ የበረዶ ሳጥኗን አቅፋ ደረሰች። «ኦቦ ሞቱማ የሚባሉ ገበሬ አምስት ላሞች ታመውባቸዋል» አለች። «የላሞቹን ገመድ ራሳቸው ይዘውልኝ፣ ‹ልጄ፣ ምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ› ይሉኝ ነበር።» ይህን እያወራች ኢንኩቤተሩን ከፈተች።

ሮዝ የነበረው ፈሳሽ ሐምራዊ ሆኗል። በማይክሮስኮፕ ስታይ ሴሎቹ ተኮማትረው፣ ከወለሉ ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ጂቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ዶክተር ዲሪባ መጥተው በሁሉም ፊት ተቆጡ። «ሲሊንደሩን በየዓርቡ ማየት ያንቺ ሥራ ነው፤ ሳታዪ ነው የሄድሽው?»

«አዎ ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሄመን ለአፍታ ደስ አላት። ደስታው ዶክተሩ ከክፍሉ እስኪወጡ እንኳ አልቆየም። ጂቱ የኢንኩቤተሩን በር ልትዘጋ ስትል ባዶውን የታች መደርደሪያ አየችው።

«ሄምዬ፣ ያንቺ ጠርሙሶችስ?»

ዓርብ ነው ያወጣኋቸው ማለት ትችል ነበር፤ ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቅዳሜ አወጣኋቸው» አለች። «ጋዙ ሊያልቅ መሆኑን አይቼ።»

«የእኔንስ?»

«ተውኳቸው።»

«ማሊፍ?» አለች ጂቱ፤ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት። «ለምን? ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። ቀንቼብሽ ነው።»

ጂቱ ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ሄመን በቀጥታ ዶክተር ዲሪባ ቢሮ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዶክተሩ ሰምተው ሲያበቁ ቀና ብለው አላዩዋትም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት፤ ከሴል ክፍሉ ወጥታ ዕቃ ማጠቢያና መቀቀያው ክፍል ተመደበች።

ጂቱ ብቻዋን ቄራ ሄዳ የጠቦት ቆለጥ አምጥታ እንደገና ጀመረች። የሱሉልታው ናሙና በጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠበቃት። ሴሎቹ በሁለተኛው ሙከራ ያዙ፤ የናሙናው ቫይረስም እንደገና በጀመረች በሃያ ስድስተኛው ቀን አደገ። ጂቱ ለኦቦ ሞቱማ ስትደውል ሄመን ከማጠቢያው ክፍል ትሰማለች። ከአምስቱ ላሞች ሁለቱ ሞተዋል። ጂቱ ስልኩን ይዛ ለረጅም ጊዜ በኦሮምኛ አጽናናቻቸው፤ ስለ ዘገየው ውጤት ይቅርታ ስትጠይቅ የሄመንን ስም አላነሣችም።

ሄመን በሩ ላይ ጠበቀቻት። «ጂቱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አሁን አልችልም» አለች ጂቱ። «ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«ነገ አርባ ጠርሙስ ያስፈልገኛል። በደንብ የታጠበ።»

«ጠዋት ታገኚዋለሽ» አለች ሄመን።

ጂቱ ወደ ክፍሏ ስትመለስ እዚያ የሚጠብቋት እንግዶች በደስታ ተቀበሏት። ሄመን ድምፃቸውን ስትሰማ ያ እሳት እንደገና ለብለብ አደረጋት። ቧንቧውን ከፍታ ማጠብ ጀመረች።