ጠብታዋ የፊርማው አካል ናት

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አራሚውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም ጣተ ሰማያዊ ይለዋል። ከሰው ጋር ሲጨባበጥ ሰው እጁን ገልብጦ ማየት ልማዱ ሆኗል። ቀለሙ የመጣው ከሚያርማቸው ገጾች ሳይሆን ከሚሰበስባቸው ብዕሮች ነው። ብዕሮቹ ደግሞ በእጅ የተሠሩና ርካሽ መሆን አለባቸው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ በቬልቬት ላይ የተኛ ውድ ብዕር ሲያይ እንደ ሰው ሚስት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

አብዛኞቹን የሠራለት ሰፈሩ ያለው ሽማግሌ አናጢ ነው። አናጢው ዕድሜውን ሙሉ የወንበር እግር ሲያወጣ ኖሮ፣ ወንበሩ ሁሉ ፕላስቲክ ሲሆንበት ወደ ብዕር ዞረ። እጁ ግን የለመደውን አልተወም፤ ከሠራቸው ብዕሮች ጥቂቶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሟቸው ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። አንዱን ከማበጠሪያ እጀታ፣ አንዱን ከከበሮ መምቻ አበጀው። የመጀመሪያው ከጃንጥላ እጀታ የተሠራ ነበርና ጫፉ እንደ ሜንጦ ስለታጠፈ፣ የሚጽፍበት ሰው ዝናብ የሚጠብቅ ይመስላል።

የጃንጥላው ብዕር ያፈስ ነበር። አራሚው ይህን ለአናጢው ነግሮት አያውቅም፤ ሰፈሩም አይነግረውም። ሽማግሌው "ከእጄ የሚያፈስ ነገር ወጥቶ አያውቅም" ማለት ይወዳል። ይህን ካለ በኋላ ግን "እስቲ ልየው" ብሎ ብዕሩን ይወስድና ጓዳ ገብቶ ቀለሙን የሚያግደውን ጎሚኒ ይቀይራል። ሲመልሰው ስለ አየሩ ያወራል። አራሚው እንዲህ ሲመላለስ ነው የሽማግሌውን ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋን፣ የወደደው። እሷም ወደደችው፤ ጣቱን ሳሙና ሊያስለቅቀው እንደማይችል ካረጋገጠች በኋላ።

ችግሩ የመጣው ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሄዱ ቀን ነው።

መዝጋቢዋ ኮስታራ ሴት ናት። አራሚው ከፈረመ በኋላ መታወቂያውን ያወጣበትን ዶሴ አስመጥታ፣ ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን አድርጋ በማጉያ መስታወት መረመረች።

"ጠብታዋስ?" አለች።

"የቷ ጠብታ?"

ዶሴውን አዞረችለት። ከድሮው ፊርማ ሥር፣ ከመጨረሻው ፊደል ጭራ ዝቅ ብላ፣ አንዲት ክብ የቀለም ጠብታ ተቀምጣለች። አራሚው የጃንጥላውን ብዕር አስታወሰ።

"ይቺ እኮ የፊርማው አይደለችም እህቴ፤ ብዕሩ አፍስሶ ነው።"

"እዚህ ላይ አፍስሶ ነው የሚል አልተጻፈም። ፊርማው ላይ ያለ ሁሉ ፊርማ ነው።"

አራሚው ብዕሩን አንስቶ ከፊርማው ሥር አንድ ነጥብ አደረገ። መዝጋቢዋ መስታወቷን አስጠግታ ራሷን ነቀነቀች።

"ይቺ ነጥብ ናት። ጠብታ ጠርዟ ይወፍራል።"

"እንግዲያው ፊርማዬን ልቀይር።"

"ይቻላል። ማመልከቻውን በድሮው ፊርማዎ ይፈርሙበታል።"

አራሚው ይህን ሁለት ጊዜ በልቡ አነበበውና ስህተት አጣበት።

ልብስ ሰፊዋ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ከፊት ከፊቱ ሄደች። ከአራሚው በፊት አንድ እጮኛ ነበራት፤ ዛሬ አንድ ወረቀት፣ ነገ ሌላ ወረቀት ጎደለኝ ሲል ከርሞ የውሃ ሽታ የሆነ ሰው።

"ያኛው እንኳን ወረቀት ነበር የጎደለው" አለች አውቶቡሱ ሲመጣ። "እስከ ዓርብ ጠብታህን ይዘህ ና። ከዓርብ በኋላ ቬሎውን ፈትቼ መጋረጃ አደርገዋለሁ፤ ለመስኮቴ ልኩ ነው።"

አራሚው ቤቱ ገብቶ ብዕሮቹን ሁሉ ሞላ፤ ሁሉንም ወረቀት ላይ ዘቅዝቆ ያዛቸው። አንድም የሚያፈስ የለም። ሽማግሌው እስቲ ልየው ሲል ሲል ሁሉንም አድኗቸዋል። የጃንጥላውን ብዕር በመርፌ በወጋው ጊዜ ደግሞ ጠብታ መጣል ትቶ ያለውን ቀለም በሙሉ ጭኑ ላይ ዘረገፈው። ሱሪውን ሳይቀይር ወደ አናጢው ሮጠ።

"ጋሼ፣ የሚያፈስ ብዕር ይሥሩልኝ። ትንሽ ብቻ የሚያፈስ።"

"ለየትኛው ጠላትህ?"

"ለራሴ ነው። ያኔ የጃንጥላው ያፈስ የነበረውን ያህል።"

ሽማግሌው የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ። "ምን አልክ?"

"አይ… ማለቴ…"

"ላብህ ነው። እጅህ ያልብሃል፤ እኔ ገና ስጨብጥህ አውቄዋለሁ" አለና ወደ ሱሪው አየ። "ደግሞ እጅህ ብቻ አይደለም።"

ዓርብ ሽማግሌው ምስክር ሊሆን ኮቱን ለብሶ መጣ። የደረት ኪሱ ውስጥ ከልጁ የሕፃንነት አልጋ እግር የሠራው አዲስ ብዕር ተሰክቷል። ከውፍረቱ የተነሳ ኪሱ አፉን ከፍቷል።

"በዚህ ትፈርማለህ" አለው። "ብዕር ምን እንደሆነ ይዩ።"

አራሚው ፈረመ። ቀለሙ እንደ ዘይት ወረደ። ከፊርማው በላይ ብዕሩን ዘቅዝቆ ይዞ ጠበቀ። ምንም አልወረደም። መዝጋቢዋ መስታወቷን አነሳች፤ አስቀመጠች።

"አዝናለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ነጭ ጓንቷን አንድ በአንድ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አራሚው ቬሎው መጋረጃ ሆኖ የተሰቀለበት መስኮት በዓይነ ኅሊናው ታየው።

"እንከኑ ምኑ ላይ ነው?" አለ ሽማግሌው። "ወዲህ በለው እስቲ።" ብዕሩን ነጥቆ የምስክሩን መስመር ሊፈርም ወረቀቱ ላይ ሲጎነብስ፣ አንዲት ጠብታ ከጫፉ ተንጠልጥላ፣ ሀሳቧን እንደምትሰበስብ ትንሽ ቆየችና፣ ከአራሚው ፊርማ ሥር፣ ከጭራው ዝቅ ብላ ዐረፈች።

መዝጋቢዋ አጎነበሰች። "ጠርዟ ወፍሯል" አለች ቀስ ብላ። "ግን የማን ናት?"

መስታወቷን ከጠብታዋ ወደ ብዕሩ፣ ከብዕሩ ወደ ሽማግሌው አዞረች።

"ብዕሩ የሚያፈስ ከሆነ ከፈራሚው የቀረች ናት፤ የሱ ናት። የማያፈስ ከሆነ ግን እርስዎ አባት ሆን ብለው በሰው ፊርማ ላይ ጨምረዋል።"

አራሚው ለሽማግሌው አዘነለት። "እጃቸው አልቧቸው…" ብሎ ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ተረከዟን እግሩ ላይ ተከለችው።

ሽማግሌው ብዕሩን አየ። ልጁ የተኛችበት፣ ጥርስ ስታበቅል ያኘከችው እንጨት ነው፤ የጥርሷን ምልክት ሳይልገው ትቶታል። ልጁን አየ። ኮሌታውን አላላ።

"ያፈሳል" አለ።

"ጮክ ይበሉ፤ ይጻፋል።"

"ያፈሳል አልኩ። የኔ ብዕር ያፈሳል። የጃንጥላውም ያፈስ ነበር። የከበሮ መምቻውማ አይወራ።"

ማኅተሙ ተመታ።

ደረጃው ላይ ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። "ብዕሩን ስጡኝ፤ ጎሚኒዋን ብቻ…"

"አባዬ፣ ይቺ ብዕር አትነካም" አለች ልጁ፤ ብዕሩን በጓንቷ ጠቅልላ ይዛዋለች። "ልጅ ስንወልድም መፈረም አለበት።"

"እንግዲያው ክዳኗን ልወልውላት።"

"አይሆንም።"

ሲከራከሩ ነጩ ጓንት ላይ አንዲት ሰማያዊ ክብ ቀስ እያለች ሰፋች። ሦስቱም አዩዋት። ሽማግሌው ቀና ብሎ ሰማዩን ቃኘና፣ ዛሬ አየሩ ደስ ይላል አለ።