አሥራ አራተኛው ጄል

ተመራማሪዋ ሳህኑን ዘንበል ስታደርገው ጄሉ አልፈሰሰም። ደግማ አዘነበለችው፤ ንቅንቅ አላለም። ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብታ አየች። ሴሎቹ በሕይወት አሉ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው እርስ በርስ ተያይዘዋል።

የሰባት ዓመት ልጇ የቆዳ ሴሎች ናቸው። ልጅቷ ከተቀበረች ግን ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው።

የፈላ ውሃ ደረቷን አቃጥሏት ሆስፒታል የገባች ዕለት፣ እናትየው ሐኪሞቹን ለምና ከልጅቷ ጥፍር የምታህል ጤነኛ ቆዳ ወስዳ፣ አባዝታ ቁስሏን ልትሸፍንበት ወደ ላቦራቶሪዋ በረረች። ሥራዋ ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶችን መንደፍ ነው። ሰንሰለቶቹ ጨዋማ ውሃ ሲያገኙ ማንም ሳይነካቸው ተሰባስበው መረብ ይሠራሉ፤ መረቡ ውሃውን ይዞ ጄል ይሆናል፤ ሴል ያድግበታል። የእሷ ጄል ግን በሦስተኛው ቀን እየሟሟ አስቸገረ። ሐኪሞቹ «ይሄ ገና ሙከራ ነው፤ ለልጅሽ አይደርስም» ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ልጅቷን የሚያስታምመው ባሏ ነበር። እሷ ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዷን አሚኖ አሲድ በሌላ እየተካች አሥራ ሦስት ጊዜ ሞከረች። አሥራ አራተኛውን አዘጋጅታ ሴሎቹን አስቀምጣበት እንደጨረሰች ስልኳ ጠራ። ሆስፒታል ስትደርስ ልጅቷ አልፋለች። በሐዘኑ ሰሞን ሴሎቹን የሥራ ባልደረባዋ ስትንከባከብላት ሰነበተች።

በሩ ተከፍቶ ባሏ ገባ። ጺሙ አድጓል፤ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል።

«ሳትነግሪኝ ወጣሽ» አላት።

«ና እይ፤ ያዘልኝ! ሴሎቿ አልሞቱም።»

አልተጠጋም።

«ትንሽ ቀደም ብዬ ባገኘው ኖሮ እኮ…»

«ብታገኚውም አይደርስላትም ነበር። ነግረውሻል።» ድምፁ ተሰበረ። «ልጄ የፈለገችው ጄል አይደለም። አንቺን ነው ስትጠራ የነበረችው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ቃል ስትሸሽ ነው የሰነበተችው። ቤት ውስጥ እሱ አፉን ሊከፍት ሲል ውሃ ልቅዳ ብላ ትነሣ ነበር።

«ለእሷ ብዬ እኮ ነው» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ። እሷም ታውቅ ነበር። “እማዬ አዲስ ቆዳ እየሠራችልኝ ነው” እያለች ለነርሶቹ ስታወራ ነበር የምትውለው።» እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «በኋላ ግን ቆዳውንም ተወችው፤ አንቺን ብቻ ነበር የምትጠራው።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰዓት ጮኸ። የሴሎቹ ምግብ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። ሰዓቱን አጠፋችው፤ ጓንቷን አንድ በአንድ አወለቀች።

«ተቀመጥ» አለችው። «ምን እያለች ነበር የጠራችኝ? አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»