የግራው ጫማ

አውሮፕላኑ በታሸገ በአምስተኛው ቀን ኩማ ሐይቁ ዳር ተንበርክኮ የግራውን ጫማ በጣቱ ለካው። ትናንት ከቀኙ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዛሬ አራት ሆኗል። ውሃ እየገባበት ነው። ይህን የሚረዳ ሰው በሐዋሳ ከተማ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ እሱ ራሱ፣ ሌላው እስር ቤት ነው።

ጫማ የሚለውን ስም ያወጡት አሠልጣኙ ካፒቴን ጌታቸው ናቸው። አውሮፕላኑ ጎማ የለውም። በጎማ ፈንታ ከሆዱ ሥር ሁለት ረጃጅም፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የብረት ታንኳዎች አሉት፤ በእነሱ ተንሳፍፎ ከውሃ ይነሣል፣ ውሃ ላይ ያርፋል። የውጭ አገር ሰዎች ለሐይቆች ጥናት ብለው አምጥተውት ሲሄዱ እዚያው ተዉት። የአካባቢው ልጆች ይሠልጥኑበት፣ ፈተናውን ያለፈ አዲስ አበባ ገብቶ የትልልቁን አውሮፕላን ትምህርት ይቀጥል ተባለ። ሦስት ሆነው ጀመሩ። አንዱ አየር ላይ በወጣ ቁጥር እያስመለሰው ተወው፤ ሁለተኛውን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። የቀረው የቱላ መንደር ገበሬ ልጅ ኩማ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ አውሮፕላን ሌላ በዓለም ላይ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ካፒቴኑ ቀልደኛ ናቸው፤ ድራፍታቸውንም ይወዳሉ። በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። ጠዋት ጠዋት፣ ከሁሉ በፊት፣ የጫማዎቹ ክዳን ተከፍቶ የገባው ውሃ በእጅ ፓምፕ ይቀዳል። ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ብሎኑ ይላላል፤ ሌሊቱን ትንሽ ትንሽ ያስገባል። ኩማ የፓምፑን ምት ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ከሃያ ካለፈ የዚያን ቀን በረራ የለም። ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ከቤቱ እንደማይወጣ፣ አንተም ሳትቀዳ አትነሣም ይሉት ነበር።

አሁን ግን ክዳኑ ታሽጓል፤ ከክዳኑ ሥር ደግሞ ኩማን እንቅልፍ የነሣው ነገር አለ።

ታላቅ እህቱ ታቢታ የምታመልክበት ጸሎት ቤት ከተዘጋ ሦስት ዓመት አልፏል። ምእመናኑ ግን አንድ ቀን ልደት ነው፣ አንድ ቀን ሐዘን ነው እያሉ በየቤቱ መሰብሰባቸውን አልተዉም። የአርባ አንድ ሰው ስም ዝርዝር፣ ከመዝሙሮቹ ጋር፣ በታቢታ እጅ ጽሑፍ በአንድ ደብተር ሰፍሯል። በሐምሌ መጨረሻ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የቤት ለቤት ፍተሻ ሲጀመር ደብተሩን ለኩማ ሰጠችው፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ አለችው። እሱም ማን ያስበዋል ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ገመድና መልሕቅ ከሚቀመጥበት ከግራው ጫማ ሆድ ውስጥ ከተተው። ለካፒቴኑ አልነገራቸውም። ያን ዕለት እንደ እሱ ያለ ብልህ በአገሩ የሌለ መስሎት ነበር።

ደብተሩ በተደበቀ በሦስተኛው ቀን ከሌላ ክፍለ ሀገር አንድ አብራሪ አውሮፕላን ይዞ ጠፋ የሚል ወሬ መጣ። ካፒቴን ጌታቸውን ምሳ ላይ እንዳሉ ለአምስት ደቂቃ ይፈለጋሉ ብለው ወሰዷቸው። የዚያ ዘመን አምስት ደቂቃ ስንት ዓመት እንደሚሆን አገር ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ካድሬው ጓድ ብዙአየሁ ሻማና ቀይ ሰም ይዞ መጣ። የአውሮፕላኑን በር አሸገ፤ የነዳጁን አፍ አሸገ፤ የሁለቱን ጫማዎች ክዳንም አሸገ። በየሰሙ ላይ ማኅተሙን ሲያሳርፍ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነበር። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው።

አውሮፕላኑ እዚያው ታሽጎ ይረሳል ብሎ ኩማ ተስፋ አድርጎ ነበር። ያም ተስፋ ከተባለ። ዳሩ ግን ለአብዮቱ በዓል አንድ የሠለጠነ አብራሪ በሪፖርቱ ይግባ የሚል ትእዛዝ ከላይ ወረደ። በታሸገ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ፈታኙ አቶ ባህሩ ከአዲስ አበባ ደረሱ። ሽበታም፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ዋና ስለማይችሉ ዳር ሆነው በመነጽር ሊያዩት ነው። ኩማ ብቻውን ይነሣል፣ ሐይቁን ይዞራል፣ ያርፋል። ካለፈ መስከረም ላይ አዲስ አበባ ነው።

ብዙአየሁ የበሩንና የነዳጁን ሰም ሰበረ። የጫማዎቹን አልነካውም። ለበረራ የሚያስፈልገው በርና ነዳጅ ነው፣ ትእዛዙ ላይም የተጻፈው እሱ ነው አለ።

ኩማ ውሃ ገብቶበታል ቢል ይከፈታል፤ ቢከፈት ደብተሩ ይወጣል፤ ከደብተሩ አርባ አንድ ሰው፣ ከአርባ አንዱ አንዷ እህቱ። በሩን ከፍቶ ገባ። ሞተሩን አስነሣ፤ በሲዳምኛ ጸለየ፤ ወደ ሐይቁ መሐል ነዳው። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ነዳጁን ሲጨምር አፍንጫው ቀና አለ፤ የግራው ክንፍ ግን ወረደ፣ ወረደና ጫፉ ውሃውን ነካ። አውሮፕላኑ በግራ ጎኑ ሊዞር ሲል ኩማ ሞተሩን ቀነሰ። ሁለተኛ ቢሞክር ይገለበጣል። ቢገለበጥ እሱ ይሞታል፤ አውሮፕላኑን ደግሞ በገመድ ጎትተው አውጥተው መክፈታቸው አይቀርም። ሞቱም ለማንም አልረባም። ስለዚህ ወደ ዳር ተመለሰ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያስመለሰው ሂሳቡ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው።

«የግራው ጫማ ውሃ ይዟል፣ ጓድ» አለ። «ካልተቀዳ አይነሣም።»

ብዙአየሁ ጎንበስ ብሎ ሰሙን መረመረ። «ማኅተሙ እንዳለ ነው። የታሸገ ነገር ውስጥ ምን ይገባል?»

«ውሃ ማኅተም አያነብም» አሉ አቶ ባህሩ። «ይከፈት።»

ብዙአየሁ እያመነታ ሰሙን ሰበረው፤ ከሥሩ የነበረውንም ጓጉንቸር በድንጋይ መትቶ አላቀቀው። ኩማ ፓምፑን ከትቶ መቅዳት ጀመረ፤ ከልማዱ የተነሣ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። እስከ ሠላሳ ድረስ የሐይቅ ውሃ ነው። በአርባ ላይ ውሃው ወደ ሰማያዊ መለወጥ ጀመረ። በስልሳ ላይ ጠቆረ፤ ድንጋዩ ላይ እየፈሰሰ የአቶ ባህሩን ጫማ ነካ። ኩማ መቁጠሩን አቆመ።

ብዙአየሁ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ ውስጥ ላከ። መጀመሪያ ገመዱ ወጣ። ቀጥሎ በእጁ ውስጥ እንደ ገንፎ የሚፈርስ ነገር ዘግኖ አወጣ። ታቢታ የጻፈችው በብልቃጥ ቀለም ነበር፤ አምስት ቀን ውሃ ውስጥ የዋለ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል አልቀረም። አርባ አንዱም ሰው ሐይቅ ገብቷል። ኩማ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። ተርፈዋል። ታቢታ ተርፋለች።

የተረፈው ጠንካራው ሽፋን ብቻ ነው። በላዩ በእርሳስ የተሣለ መስቀል፣ ከሥሩም ሃሌ ሉያ የሚል ቃል ይታያል።

«የጴንጤ ነው» አለ ብዙአየሁ፤ ሽፋኑን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ። «የማን ነው?»

ኩማ ጎንበስ ብሎ ፓምፑን ይጠርግ ጀመር።

«የዚህ ክዳን ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

ቁልፉ ካፒቴን ጌታቸው ቀበቶ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ጠዋት ጠዋት ፈትተው ለኩማ ይሰጡታል፤ ቀድቶ ሲጨርስ ይመልስላቸዋል። የእኔ ነው ለማለት ጊዜ ነበረው። ብዙ ጊዜ ነበረው፤ ብዙአየሁ ሽፋኑን ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ ሲያይ፣ ኪሱን ሲዳብስ፣ እስክሪብቶውን ሲያወጣ።

«ካፒቴኑ ጋ» አለ ኩማ።

ውሸት የለበትም። እውነቱን ከግማሽ ላይ ቆርጦ ሰጠ እንጂ አልዋሸም። ብዙአየሁ ከት ብሎ ሳቀ። ድራፍቱን ጴንጤነቱን ለመደበቅ ነበር የሚጠጣው ማለት ነው እያለ ጻፈ፤ ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ የኩማንም ስም ጻፈ። አቶ ባህሩ መነጽራቸውን በመሐረብ እየወለወሉ ኩማን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ንፋሱ ሳይነሣ ቶሎ በል አሉት።

አውሮፕላኑ እንደ ላባ ቀለለ። ከውሃው ሲላቀቅ ጫማዎቹ ሥር የነበረው ጩኸት ድንገት ቆመ፤ ከተማይቱ ታች ቀረች፤ ታቦር ተራራ በክንፉ ሥር አለፈ፤ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሰዎች አንጋጠው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ደስ አለው። እንዲህ ደስ ሊለው መቻሉ አስፈራው። ለማረፍ ሲመለስ ሐይቁ መስተዋት ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ከፍታ አይታወቅም። ውሃውን ትተህ ዳሩን እያየህ ውረድ የሚለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ መጣ፣ ያ የታወቀው ቀልደኛ ድምፅ። እንደተባለው ዳሩን እያየ ወረደ። እንዲህ ያማረ ማረፍ ከዚያ በፊት አርፎ አያውቅም።

አቶ ባህሩ የማለፊያ ወረቀቱን ፈረሙለት። እጁን ግን አልጨበጡትም።

የግቢው በር ላይ የካፒቴኑ ሚስት ወይዘሮ ካሰች ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ቆማ ነበር። ወደ እስር ቤቱ ስትሄድ በሐይቁ መንገድ ነው የምታልፈው። አውሮፕላኑን ሰማይ ላይ አይታ ማን እንደሆነ ወዲያው አውቃለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምነው ጌታቸው ባየህ ኖሮ አልኩ» አለችው። «ካንተ ሌላ ወሬም የለው። እንግዲህ አሁን ሰው ሆነሃል፤ ቃልህን ይሰሙሃል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ንገርልኝ፣ ልጄ።»

ኩማ መሬት መሬት አየ። ወረቀቱ በደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

«እሺ፣ እትዬ ካሰች» አላት።

ጉንጩን ሳመችው። ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ብላ እየተጣደፈች ሄደች።