ሰባተኛው ስም

ሆዶ የግመል ወተቷን ወጥ ቤት ልታስቀምጥ ጎንበስ እንዳለች የሕፃናት ማሳደጊያው ኃላፊ በበሩ አንገቱን አስገባ።

"ረጂዎቹ ፈረንጆች መጥተዋል። እስኪወጡ ድምፅሽ እንዳይሰማ! ልጅቷ እናት የላትም ብያቸዋለሁ።"

"እሺ" አለች፤ ምን ትበል? ስምምነታቸው ይኸው ነው። ልጇ ዐኒሳ እዚህ ምግብ፣ አልጋና የግል ትምህርት ቤት ታገኛለች፤ እናትየው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ወተት ሻጭ ብቻ ትሆናለች። ባሏ አደን ድንበር ላይ ቶጎጫሌ ከተማ ጭነት እያወረደ በወር አንዴ ነው ጅግጅጋ ብቅ የሚለው። ችግር መቼስ የማያስደርገው የለም! ሆዶ ከተናገረች ዐኒሳ ቦታዋን ታጣለች።

በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየች። አንዲት ፈረንጅ ዐኒሳ ፊት ተንበርክካ ቤተሰብ እንዳላት ጠየቀቻት። አስተርጓሚው ፉአድ ግን የአገሩ ልጅ ነውና ልማድ ሆኖበት "የማን ልጅ ነሽ?" አለ።

አይ ፉአድ! የሶማሌ ልጅ እንዲህ ተጠይቆ ዝም ሊል? አፉን ከፈታ ጀምሮ የአባት የአያቶቹን ስም እየቆጠረ አይደል የሚያድገው! ዐኒሳ ያስጠኗትን "ማንም የለኝም" እርግፍ አድርጋ ትታ ደረቷን ነፋች።

"አደን፣ ሮብሌ፣ ፋራህ፣ ጉሌድ፣ ዋርሰሜ፣ ሸርማርኬ..." ሰባተኛው ጠፋባት። ዐይኗ እንባ አቀረረ።

ሆዶ ከንፈሯን ነከሰች። ልጄ በሰው ፊት የአያቶቿን ስም ትርሳ? እንዴት ተደርጎ!

"ኩልሚዬ!" ብላ ሰባተኛውን ስም ከወጥ ቤት ጮኸች።

"ኩልሚዬ!" ዐኒሳ በደስታ ዘለለች፤ "እማዬ ናት!"

ልጆቹ ሳቁ። ፈረንጇ ግራ ገባት። ኃላፊው እየሮጠ መጥቶ ሆዶ ጆሮ ሥር አንሾካሾከ።

"አክስቷ ነኝ በይ፤ በቃ። ትምህርቷን አስቢ እንጂ!"

አሰበች። የሠፈሩ ትምህርት ቤት ወንበር እንኳ አይበቃውም። ግን ልጇ እዚህ ከገባች ስድስት ወር ሆናት፤ ስም የሚያስጠናት አጥታ ሸርማርኬ ላይ ቆማ ቀርታለች።

"ፉአድ፣ እናቷ ነኝ በላት። አባቷም አለ።"

ፉአድ ኃላፊውን አየ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዳለ ተረጎመው። ሆዶ የፈረንጇን መልስ አልጠበቀችም። ደስታዋ ፊቷ ላይ እያስታወቀ ልጇን ጠራቻት።

"ዐኒሳ፣ ልብስሽን ሰብስቢ። ስምንተኛውን መንገድ ላይ አስጠናሻለሁ።"