ኮቴ ሳይሰማ

«ማን ነው መጀመሪያ ያገኛት?» አለች መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ሴት፣ ለጎረቤቷ ብቻ የተናገረች መስሏት።

የማደሪያው የጋራ ሳሎን ግን ጠባብ ነው፤ ሹክሹክታም ግድግዳ ነክቶ ይመለስበታል። ለሐዘን የተቀመጠው ሁሉ ዓይኑን ወደያዘው የወረቀት ኩባያ ሰበረ። የጭምት ሻይ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ፤ ማቃጠሉን ያወቀችው ሌሎቹ «እኔን!» ሲሉ ነው።

«እሷ ናት አሉ። አብረው አይደል የሚኖሩት» አለች ሌላዋ፣ በአገጯ እየጠቆመች።

«ውይ፣ በሞትኩት! እና እንዴት ሆና…»

«ሻይ የሚጨመርለት አለ?» አለ ጋሼ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ጋሼ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ካገሩ ልጆች ሁሉ በዕድሜ ስለሚበልጥ፣ ደግሞም ጥናቱ አላልቅ ብሎት እዚያው ማደሪያ ውስጥ ሽበት ስላበቀለ፣ ሁሉም ጋሼ ይለዋል። የታመመውን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ የተጣላውን የሚያስታርቀውም እሱ። አሁን ደግሞ ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሲዞር ጭምት ዘንድ ደረሰና ጎንበስ አለ።

«ነገ ይገባሉ» አላት በጆሮዋ። «ቪዛው ተሳክቷል።»

ማን እንደሚገቡ አልጠየቀችም። የሟቿ እናት ናቸው። ከዚያ በኋላ የተወራውን አልሰማችም። ሰው መጣ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አላት፣ ሄደ። እሷ ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ ይጠይቁኛል።

ጭምት እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ያወጣችላት ሟቿ ናት። ለትምህርት መጥተው አንድ ክፍል የደረሳቸው ዕለት፣ ጭምት ሻንጣዋን ሳትፈታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ዝም ብላ ብትውል፣ «አንቺ ጭምት! አፍሽን ጉምሩክ ያዘብሽ እንዴ?» አለቻት። እሷም አልቀረችላት፤ «ደወል» አለቻት። ስሞቹ በዚያው ጸኑ። ካገሩ ልጆች መካከል እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ደወል በእርግጥም ደወል ነበረች። አሳንሰር ውስጥ የማታውቀውን ሰው «ወዴት ነው?» ብላ ታስደነግጣለች። ደረጃ ላይ ዕቃ የተሸከመ ካየች አንዱን ጫፍ ሳይጠይቋት ታነሣለች። አንድ ቀን ታች ፎቅ የሚኖር የአገሬው ተማሪ፣ ሣቃቸውን እንዲቀንሱ የሚለምን ብጣሽ ወረቀት በራቸው ላይ ለጠፈ። ጭምት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ደወል ግን ብርቱካን ይዛ ወርዳ የልጁን በር አንኳኳች። ስትመለስ፣ «እናቱ ታማበት ነው፤ ምስኪን» አለች። ብዙም ሳይቆይ ያው ልጅ እነሱ ክፍል መጥቶ፣ ታች ፎቅ እስኪሰማ ይስቅ ጀመር። ዛሬ በሩ አጠገብ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ቀብሮ ተቀምጧል። ምን እንደሚባል አያውቅም፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም።

ጭምት እንደዚያ አልነበረችም። ይህን አገር ፈርታ ነው የገባችው፤ ፍርሃቷንም ጨዋነት አለበሰችው። ወንበር አንሥቶ እንጂ ጎትቶ አለማስቀመጥን፣ አውቶቡስ ውስጥ ስልክ አለማንሣትን፣ የሰው በር አለማንኳኳትን ከማንም ቀድማ ተማረች። «ሰው አለማወክ ትልቅ ነገር ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ቤት ሞልቶ፣ ሁሉ በሁሉ ጉዳይ ገብቶ፣ በጥፊና በጩኸት እየነቃች ስላደገች፣ ዝምታ ለእሷ ሀብት ነበር። ደወል ትስቅባታለች።

«እዚህ አገር እኮ ሰው ሲሞት እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚሞተው!»

ያን ጊዜ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ አየር እንድትወስድ ብሎ፣ ለእንግዳ የሚሆን ዳቦ እንግዛ በሚል ሰበብ ይዟት ወጣ። ትራም ውስጥ ፊት ለፊታቸው አንድ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው አንገቱ ወደ መስታወቱ ወድቆ ተኝቷል። ጭምት ዓይኗን ከደረቱ ላይ መንቀል አቃታት። የልብሱን ቁልፎች ታያለች። ከትንፋሹ ጋር ይነሣሉ? አይነሡም። ጎኗ ያሉት ሰዎች ጋዜጣ ያነባሉ፣ ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ማንም አያየውም። የጋሼን እጅጌ ሳበች።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ…»

«ምን ሆነ?»

«ይተነፍሳል?»

ጋሼ ሰውዬውን ሳይሆን እሷን አየ። ሰውዬው አንኮራፋ፤ አንገቱን አቃንቶ እንደገና ተኛ። መውረጃቸውን አልፈው ሄደዋል።

በእግራቸው ሲመለሱ ጋሼ እጇን ያዘ። «ስሚኝ። ሐኪሙ የነገረኝን ነግሬሻለሁ። ልቧ ነው፤ ሌሊት፣ በእንቅልፏ። አንቺ ስትነሺ እሷ ካለፈች ቆይታለች። ብትጮኺም፣ ብትገለባብጫትም፣ ምንም አታመጪም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ፤ ግን አላመንሽም። እናትዮዋ ከጠየቁሽ፣ ወጥቼ ነበር፣ ስመለስ አገኘኋት በይ። ይኸው ነው። እናት ናቸው፤ ሌላው ዝርዝር አይጠቅማቸውም፤ ይጎዳቸዋል።»

«ቢያውቁብኝስ?»

«ማን ይነግራቸዋል? የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

የጋሼ ምክር ለደግ ነው። ጭምት ግን በመንገዱ ሁሉ ያንን ውሸት በአፏ ስታላምጠው፣ እንደ ጥሬ ሥጋ አልዋጥ አላት።

ደወል የሞተችበት ዕለት የዕረፍት ቀን ነበር። ደወል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ስባ ተኝታለች። የፈተና ሰሞን ስለሆነ ዘግይታ እንደተኛች ጭምት ታውቃለች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። በካልሲዋ፣ ወለሉ የሚንቋቋበትን ቦታ እየዘለለች ሄደች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ሻዩን የጋራ ማድ ቤት ሄዳ አፈላች። ስትመለስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ የደወል አልጋ ላይ ስላረፈች፣ መጋረጃውን ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየያዘች ጋረደችላት። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ አጠናች። ገጽ ስትገልጥ እንኳ በሁለት ጣት ነው። መሐል ላይ የደወል ስልክ ንዝረት ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው። «እማ» ይላል። ጭምት ስልኩን በሹራቧ ጠቅልላ የራሷ ትራስ ሥር አደረገችው። ደግሞ ነዘረ። ዝም ብላ ጠበቀችው፤ ቆመ።

ረፍዶ፣ በጣም ረፍዶ ነው የጓደኛዋ ዝምታ እንግዳ የሆነባት።

አገር ቤት ቢሆን ይህ ይሆናል? አይሆንም። አገር ቤት፣ ፀሐይ ወጥታ የተኛን ሰው አንዱ ካልጮኸበት ሌላው ብርድ ልብሱን ይገፈዋል። ደወልም እንደዚያው ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ጭምትን በየማለዳው እግሯን ይዛ ነው የምትጎትታት፤ «ተነሺ! የሞትሽ መስሎኝ!» እያለች። አንድ ቀን ጭምት እንባ እየተናነቃት ተነሣችባት። «አትቀስቅሺኝ! እኔ የራሴ እንቅልፍ አለኝ! ቤተሰቤን ሁሉ ትቼ የመጣሁት እንደ ሰው ልተኛ ብዬ ነው!» ደወል አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ፣ «እሺ በቃ። አንዳችን አንዳችንን አንቀሰቅስም» አለች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ደወል ቃል ከሰጠች ሰጠች ነው።

ያንን ቃል ከአፏ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ትላለች ጭምት ለራሷ።

ጋሼ እንዳለው እናትዮዋ በማግስቱ ገቡ። ሰዉ ዋይታ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን በዝምታ የሁሉንም እጅ እየያዙ ዞሩ። አጭር ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ድምፃቸው ሻክሯል፤ የደወል ጩኸት ከየት እንደመጣ ያስታውቃል። በሩ አጠገብ ያለው የአገሬው ልጅ ብድግ ብሎ ቋንቋ ቢያጣ፣ ጭንቅላቱን ዳበስ አድርገውት አለፉ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ።

ጭምት ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ጭምት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ድምፅሽን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ስልክ ላይ ‹ሰላም በያቸው እንጂ፣ አይበሉሽም!› ስትልሽ ብቻ ነው የምሰማው።» ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸው ተጣመመ። «በይ፣ ክፍላችሁን አሳዪኝ።»

ጋሼ ተከተለ። ክፍሉ ውስጥ እናትዮዋ የልጃቸው አልጋ ላይ ተቀመጡና ፍራሹን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ሙቀት የሚፈልጉ ይመስል።

«ያን ዕለት ደውዬ ነበር» አሉ። «ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግሜ ደወልኩ።»

ጋሼ ፈጥኖ፣ «እትዬ፣ የመንገድ ድካም አለብዎት፤ ትንሽ ጋደም ቢሉ…» አለ።

«ተባረክ፣ ልጄ። እስቲ ትንሽ ብቻችንን ተወን።»

ጋሼ ጭምትን አየት አደረጋት፤ የመከራትን እንዳትረሳ መሆኑ ነው። ከዚያ በሩን ዘግቶ ወጣ።

«ማንም አልነበረም ማለት ነው፣ ስደውል?» አሉ እናትዮዋ።

ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ወጥቼ ነበር፣ ማለት ብቻ። ቀና ስትል ግን የሴትዮዋን ዓይን አየች፤ በቁጣ አልነበረም የሚያዩዋት። መልሱን የፈሩ ዓይኖች ነበሩ። እሷ ለቀናት ስትፈራቸው የከረመቻቸው ሴት፣ እሷን ይፈራሉ።

«ነበርኩ» አለች። «እዚሁ ነበርኩ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ነጠላ ጫማውን፣ ሻዩን፣ መጋረጃውን፣ በሹራብ የተጠቀለለውን ስልክ፣ አንዳቸው አንዳቸውን ላለመቀስቀስ የተስማሙትንም። ስትጨርስ አንገቷን ደፍታ ጥፊ ጠበቀች፤ እርግማን ጠበቀች። ከሳሎን የሰው ሳል ይሰማል።

«እንዴት ነበር የተኛችው?»

«ፊቷን ወደ ግድግዳ።»

«ከልጅነቷም እንደዚያው ናት።» ወደ መስኮቱ አይተው፣ «መጋረጃውን ጋረድሽላት?»

«አዎ።»

«ፀሐይ እንዳይመታት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

እናትዮዋ በረዥሙ ተነፈሱ። «እኔ እኮ፣ ልጄ፣ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ስልኩ ባዶ ቤት ውስጥ ይጮኻል። ልጄ ተጋድማለች፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ሰው የለም። በሰው አገር፣ በር የሚከፍት የለም። አውሮፕላኑ ውስጥም ያው። እንደዚያ ነው የመሰለኝ።» መዳፋቸው ፍራሹ ላይ ቆመ። «ለካ ሰው ነበር። ለካ በእግሯ ጣት እየሄደች እንቅልፏን የምትጠብቅላት ሰው ነበረች።»

ጭምት ቀና ብላ አየቻቸው።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«እንዴት እንደሄድሽ። ልስማው።»

ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሯቸው ሳቡት። ያው አልጋ፣ ያው ትከሻ፣ ከብርድ ልብሱ በላይ የወጣ ፀጉር። ሮጣ መውጣት ፈለገች። ግን ጫማዋን አወለቀች። የሚንቋቋውን ጣውላ ዘለለች። መስኮቱ ጋ ደረሰች፤ የመጋረጃውን ቀለበት ያዘች፤ ሳበች። ክፍሉ ደብዘዝ አለ።

«እንደዚህ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

መልስ የለም። ጀርባቸው አይነቃነቅም። አንድ ጊዜ «እትዬ» አለች። ዝም። በዚያን ጊዜ ነው እግሮቿ የታዘዙትን የረሱት። ጣውላውን እያንቋቋች፣ ወንበሩን ገፍታ እየጣለች ደረሰችና ትከሻቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘቻቸው።

«ይነሡ! እትዬ! ይነሡ! ተነሺ!»

«ነቅቻለሁ፣ ልጄ» አሉ እናትዮዋ። «አልተኛሁም።»

ጭምት እጇን ልታነሣ ስትል፣ ሴትዮዋ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። የጭምትን እጅ ከትከሻቸው ላይ ጫን አድርገው ያዙና፣ በራሳቸው ኃይል፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ትከሻቸውን ወዘወዙበት፤ ተኝታ የቀረችውን የሚቀሰቅሱ ይመስል።