ሳር ያልቀረበት የወይን ማሳ

...ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እንጃ፣ ኦቦ ጃራ ቀኑን ሊሳሳት ይችላል፣ የመጡበትን ልጆችም ቁጥር፣ አንዴ መቶ ይመስለዋል አንዴ ሠላሳ፣ ፍርሃት ሰው ያበዛል፣ ብቻ የሁለት ሺህ ዘጠኝ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው፣ የወይኑ ፍሬ ገና ሽንብራ ያክላል፣ እሱን አልረሳም።

እዚሁ ነበር የቆመው። አሁን የተቀመጠበት፣ ከገፈርሳ ግድብ በላይ፣ ከሦስተኛው መስመር ራስ።

ያያቸዋል፣ ይመጣሉ፣ ቀያሾች ቀይ ቀለም በቀቡት ባሕር ዛፍ መሀል፣ ከተማውን ሊያሰፋ የነበረው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈዋል፣ ቀለሙ ግን አልለቀቀም፣ ልጆቹ ጎማና ክብሪት ይዘዋል፣ ጠዋት ከሰበታ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር ፋብሪካ ሲነድ አየሁ ብሏል፣ ሚስቱ ድንቅቱ በሩን ዝጋው እንጂ ትለዋለች፣ የሽቦ በር ምን ሊያግድ። የኢንቨስተር ነው! አቃጥለው! ይላሉ ልጆቹ።

የምን ኢንቨስተር? የአባቱ መሬት ነው፣ ገብስ የሚዘራበት። ያሳሳታቸው ሰሌዳው ነው፣ በየመስመሩ ራስ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈው፣ ቻሬሎ፣ ማካቤኦ፣ ፓሬያዳ፣ ሦስቱ ነጭ ወይኖች፣ የጻፈው ኦሪዮል፣ ሆለታ አበባ እርሻ ይሠራ የነበረው ስፔናዊ፣ ችግኙንም የሰጠው እሱ። አገሬ ፔኔዴስ ይባላል ይላል፣ ፊቱ ባሕር፣ ጀርባው ጥርስ የመሰለ ተራራ፣ አፈሩ ኖራ፣ ጠዋት የባሕር ነፋስ ቅጠሉን ያደርቀዋል፣ ኬሚካል አንረጭም፣ ሦስቱን ለየብቻ ጠምቀን እንቀላቅላለን። አንድ ጠርሙስ ከፈተላቸው፣ መልኩ የገለባ፣ መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ ኮክ፣ መጨረሻ ላይ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ድንቅቱ ቀመሰችው፣ ይሄ ጠጅ ማር የሚባል አላየም እንዴ አለች። ከዚያ አስደገመች።

ጃራ፣ ሳር ተው ይለዋል ኦሪዮል። ሽማግሌውን ሁሉ አንተ በሚልበት አማርኛው። በእኛ አገር ከወይን መሀል ሳር አንነቅልም፣ ሳር አፈር ይይዛል። እሺ ይላል ጃራ፣ ፈረንጁ ዞር ሲል ይነቅላል፣ አረም ያለበት ማሳ ያየ ጎረቤት ምን ይላል፣ ሰነፍ ይላል፣ በጣቱ ይለቅማል፣ መሬቱ አውድማ እስኪመስል።

አሁን ልጆቹ በሩ ላይ ናቸው፣ ሽማግሌ ሲማጸን እርጥብ ሳር ይይዛል፣ ሳር የያዘን ሰው ረግጦ የሚያልፍ የለም፣ አባቱም አያቱም እንዲያ ነው ሰው ያስታረቁት፣ ጎንበስ ይላል።

የለም።

እዚህ ይዳስሳል፣ እዚያ፣ አንዲት ሰበዝ የለም፣ ሳሩ ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከልጆቹ እግር ስር፣ የወይኑን ለጋ ቅርንጫፍ ቀጨው፣ ከነጥሬ ፍሬው፣ በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ።

ኦቦ፣ ምንድን ነው የያዙት? ሄመን ነው፣ የጎረቤቱ ልጅ፣ ክብሪቱ በእጁ። ሳር ነው ልጄ። ይሄማ ቅጠል ነው! ሳሩንማ ነቅዬ ጨረስኩት። ሁሉንም? ሁሉንም። ከኋላ አንዱ፣ ኧረ ይሄ የኦቦ ጃራ ማሳ ነው፣ አረም አያስተርፉም እኮ፣ ቀያሹንም ለእሳቸው ብንተውላቸው ነቅለው ይጨርሱት ነበር! ሳቅ፣ ሌላ ሳቅ፣ ሄመን ግን አልሳቀም፣ ክብሪቱን ኪሱ ከተተ፣ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ስር አንድ እፍኝ ሳር ነጨ፣ በሽቦው አሾለከለት። ተነሡ ኦቦ። አንቱ እንዴት ለእኛ ይንበረከካሉ። ተነሡ።

ሄዱ። ሄዱ! አንድ ቅጠል አልነደደ፣ ድንቅቱ እልል ትላለች፣ እሱ ሳሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ዕድሜ ልኩን የፈራ ሰው ዛሬ ማሳውን ከእሳት አስጥሏል!

አገሩ የገባው ኦሪዮል ከፔኔዴስ ደወለ። እሳት ነበር አሉ፣ ወይኑስ? ደህና ነው፣ ፍሬው እየጠቆረ፣ የለም፣ ነጭ ነው ለካ፣ እየጠራ ነው። ሳሩስ፣ ጃራ? ተውኩት፣ ጉልበቴ ደክሟል። ፈረንጁ ሳቀ፣ ረጅም ሳቅ፣ በሳቁ መሀል መስመሩ ተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነበር፣ ይህችን ቀን እንኳ አይሳሳታትም።